ፖሊስ ጆሮ ሲነፍግ፦ የሎስ አንጀለስ አይሁዶች አገር በቀል ፋሽስቶችን እንዴት ተከታተሉ?

ፋሽስት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ ጣሊያን ላይ ይሄዳል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ከአውሮፕላን መርዝ የረጨ፣ ከሩቅ የሚለይ የውጭ ጠላት። የራሳችን ሰው ሆኖ ከእሱ ጋር ለተሰለፈው ደግሞ ሌላ ስም ነበረን፣ ባንዳ። ስለዚህ «አገር በቀል ፋሽስት» የሚለው አነጋገር ለጆሯችን ትንሽ እንግዳ ነው። ማንም ሳይወርረው፣ የራሱን አገር ባንዲራ ለብሶ፣ አገር ወዳድ ነኝ እያለ ጎረቤቱን ሊያጠፋ የሚነሳ ሰው ማለት ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰዎች በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ነበሩ። መንግሥት ፊቱን ወደ ሌላ ባዞረበት በዚያ ጊዜ ኢላማ የሆኑት አይሁዶች ምን አደረጉ? ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ፊልም ተደርጎ ይወራል። እውነቱ ግን ከፊልም ይልቅ የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ እኔን የሳበኝም እሱ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ናዚ ነበር እንዴ?

ነበር፣ ያውም በአደባባይ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1939 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ወደ 20,000 ሰው ተሰበሰበ። መድረኩ ላይ የጆርጅ ዋሽንግተን ግዙፍ ምስል ተሰቅሏል፣ አጠገቡ የአሜሪካ ባንዲራና ስዋስቲካ የሚሉት የናዚ ምልክት። ኢሳዶር ግሪንባም የሚባል የ26 ዓመት አይሁዳዊ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ረዳት ነው፣ ንግግሩን ቁጭ ብሎ መስማት አልቻለም። ዘሎ መድረክ ላይ ወጣ። ጠባቂዎቹ መሬት ላይ ጥለው ደበደቡት፣ ሱሪው ወልቆ ፖሊስ ከእጃቸው አስጣለው። ፍርድ ቤት ቀርቦ 25 ዶላር የተቀጣው ግን እሱ ነው።

ስብሰባውን የጠራው ቡንድ የሚባል ድርጅት ነበር። በ1933 «የአዲሲቱ ጀርመን ወዳጆች» ተብሎ ተጀመረ፣ በ1936 ቡንድ ሆነ። አባላቱ በብዛት ከጀርመን የመጡ ስደተኞችና ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ናቸው። ከዚህ ሌላ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ የወለደቻቸው ነበሩ። ዊሊያም ዱድሊ ፔሊ፣ ቀድሞ ሆሊውድ ውስጥ የፊልም ድርሰት ይጽፍ የነበረ ሰው፣ ሂትለር ቻንስለር በሆነ ማግስት ሲልቨር ሸርትስ፣ ማለትም «ባለ ብርማ ሸሚዞች» የሚባል ቡድን አቋቋመ። ዲትሮይት አጠገብ ደግሞ አባ ቻርልስ ኮግሊን የሚባሉ ቄስ በሬዲዮ ለሚሊዮኖች ይሰብኩ ነበር፣ ስብከታቸውም እየዋለ እያደረ በአይሁድ ጥላቻ ተሞላ።

ለምን ሰሚ አገኙ? በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። በዚያው ዓመት የሩዝቬልት መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ብሎ የጦር ጉዳተኞችን ጡረታና ድጎማ ቆረጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እግሩን ወይም ሳንባውን አጥቶ የተመለሰ ሰው፣ ያቺ የወር ገንዘቡ ስትቀነስ አስቡት። ናዚዎቹ ቀጥ ብለው ወደዚህ ሰው ነው የሄዱት። «ሾርባ እናበላሃለን፣ የተበደልከው በአይሁድ ነው፣ ና አብረን እንሥራ» አሉት።

አንድ ጠበቃ ለምን ሰላይ አሰማራ?

ሊዮን ሉዊስ ይባላል። አይሁዳዊ ጠበቃ ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር መኮንን ሆኖ አውሮፓ ዘምቷል። አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ የሚባለው የአይሁዶችን ስም ማጥፋት የሚከላከል ድርጅት በ1913 ቺካጎ ውስጥ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ እሱ ነበር። በኋላ ሎስ አንጀለስ ሄዶ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ፣ ከዚያ ጎን ለጎን የጦር ጉዳተኞችን ጉዳይ በነጻ ይከታተል ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ይጠቅማል።

በ1933 ናዚዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤት ተከራዩ፣ አርያን ቡክስቶር የሚል የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ፣ ሰው መመልመል ጀመሩ። ከተማዋን በዋዛ አልመረጧትም። ሆሊውድ የዓለምን ስሜት የሚቀርጽ ፊልም ይሠራበታል፣ በርሊን እዚያ ጣልቃ መግባት ትፈልጋለች። የሳን ፔድሮ ወደብም አለ፤ የጀርመን መርከቦች ሲመጡ በጥቅል የታሰረ የፕሮፓጋንዳ ጽሑፍ ይዘው ነው።

ሉዊስ መረጃ ሰበሰበና ማንኛውም ዜጋ እንደሚያደርገው ወደ ፖሊስ ሄደ። የፖሊስ አዛዡ ጄምስ ዴቪስ አዳመጠው፣ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ለአዛዡ የከተማዋ አደጋ ናዚ ሳይሆን ቦይል ሃይትስ ውስጥ ያሉ ኮሙኒስቶች ነበሩ። ቦይል ሃይትስ ደግሞ አይሁዶች በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ማለት፣ አመልካቹ ሕዝብ ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ። ኤፍቢአይም በዚያን ጊዜ ትኩረቱ በግራ ክንፎች ላይ ነበር።

በሩ ሲዘጋበት ሉዊስ ተስፋ አልቆረጠም። ሰሚ ባይኖርም ማስረጃው ይከማች አለ።

ሰላዮቹ እነማን ነበሩ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ አይሁዶች አልነበሩም። እንዴትስ ይሆናሉ፣ አንድ አይሁዳዊ ናዚ ቤት ገብቶ ልመዝገብ ሊል አይችልም። ሉዊስ የመለመለው እነዚያኑ የጦር ጉዳተኞች ነው፣ ብዙዎቹ የጀርመን ዘር ያላቸው ክርስቲያን አሜሪካውያን። ጉዳያቸውን ሲከታተልላቸው ስለኖረ ያምኑታል። ናዚዎቹ መመልመል የሚፈልጉትም በትክክል እነሱን ነው። ያውላችሁ፣ ጠላት ወጥመድ የዘረጋው ለእነሱ ነው፣ እነሱም ወጥመዱ ውስጥ ዓይናቸውን ገልጠው ገቡ።

የመጀመሪያው ሰርጎ ገብ ጆን ሽሚት ይባላል፣ ጀርመን አገር የተወለደ የአሜሪካ ወታደር ነበር። ባለቤቱም አብራው ሠርታለች። ቻርልስ ስሎኮምብ የሚባል ሌላ ሰው ሲልቨር ሸርትስ ውስጥ ገባ። ኒል ኔስ ቡንድ ውስጥ ገብቶ የምዕራቡን ጠረፍ መሪ ኸርማን ሽዊንን በቅርብ ተከታተለ። ግሬስ ኮምፎርትና ልጇ ሲልቪያ ደግሞ በጸሐፊነት ገቡ። የጸሐፊነት ሥራ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ደብዳቤ የምትተይበው እሷ ነች፣ የአባላት ስምና አድራሻም በእሷ እጅ ያልፋል።

እያንዳንዱ ሰላይ በስሙ ሳይሆን በመለያ ይጠራል። ስብሰባ ላይ ውሎ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ያየውን የሰማውን ይጽፋል። ማን ተናገረ፣ ማን ገንዘብ ሰጠ፣ የትኛው መርከብ መጣ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ። ሪፖርቱ ለሉዊስ ይደርሳል፣ ይመደባል፣ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከቀን ወደ ቀን፣ ለዓመታት።

ከሪፖርቶቹ መሃል የሚያስፈራ ነገር ነበር። ሆሊውድ ውስጥ ስመ ጥር የሆኑ ሃያ ያህል ሰዎችን ለመስቀል የተወራ ዕቅድ ተመዝግቧል። ሳን ዲዬጎ ላይ ሲልቨር ሸርትስ ከባሕር ኃይል ግቢ መሣሪያ ለመግዛት እንደሞከሩ አንድ የማሪን ወታደር በ1934 ለኮንግረስ ኮሚቴ መስክሯል። ከዚህ ሁሉ ስንቱ ወደ ተግባር ይደርስ ነበር የሚለው ዛሬም ታሪክ አጥኚዎችን ያከራክራል። ሰላዮቹ ራሳቸው ውስጥ ለውስጥ እየተንኮሱ፣ አንዱን መሪ በሌላው ላይ ጥርጣሬ እንዲያድርበት እያደረጉ ነገሩን ያከሽፉት ነበርና።

ወጪውን ማን ቻለ?

መጀመሪያ ሉዊስ ከኪሱ። ኪሱ ሲደርቅ በማርች 1934 ሂልክረስት በሚባለው የአይሁዶች ክለብ የፊልም ኩባንያ ባለቤቶችን እራት ጋበዘ። (ሌሎቹ የከተማዋ ክለቦች አይሁድ ስለማያስገቡ ነው የራሳቸውን የከፈቱት።) እያንዳንዳቸው ገበታ ላይ የሰላዮቹን ሪፖርት አገኙ፤ በገዛ ስቱዲዮዎቻቸው ውስጥ ስላለው ጥላቻም አነበቡ። ከተጋበዙት መሃል እነ ሉዊስ ማየርና ኢርቪንግ ታልበርግ በዚያው ሌሊት ገንዘብ ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ኮሚቴ ሆነ፣ የሎስ አንጀለስ የአይሁድ ማኅበረሰብ ኮሚቴ ተባለ።

በእኛ አነጋገር እድር በሉት። ሐዘኑ ከመድረሱ በፊት ነው ሁሉም የሚያዋጣው። ልዩነቱ ይህ እድር ስለ ሥራው በአደባባይ አያወራም። ለምን? አይሁዶች በራሳቸው ስም ቢጮሁ «አሜሪካን ወደ ጦርነት ሊጎትቷት ነው» የሚለውን ወሬ የሚያቀጣጥሉ መሰላቸው። ስለዚህ ያገኙትን ለጦር ጉዳተኞች ማኅበር፣ ለጋዜጠኞች፣ ለኮንግረስ አባላት ያቀብሉ ነበር። በኋላ ጆሴፍ ሩስ የሚባል፣ በርሊን ያደገ ጋዜጠኛ ተጨመረና ለጋዜጦችና ለባለሥልጣናት የሚላክ የዜና መጽሔት አዘጋጀ።

በቡጢ የመለሰ አልነበረም?

ነበር እንጂ። ኒዋርክ ውስጥ በናት አርኖ፣ በቀድሞ ቦክሰኛ የሚመራ ቡድን የናዚ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እየገባ ይበትን ነበር። ኒውዮርክ ላይ ማየር ላንስኪ የሚባለው የታወቀ የወንበዴ አለቃ በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ ዳኛ ናታን ፐርልማን ሰዎቹን አሰማርቶ የቡንድን ስብሰባዎች እንዲያውክ ጠይቆታል። ሳሙኤል አንተርማየር የሚባል ጠበቃ ደግሞ የጀርመን ዕቃ እንዳይገዛ ከ1933 ጀምሮ በይፋ ዘመቻ መራ።

ማኅበረሰቡ አንድ ልብ አልነበረም። አንዱ ዝም ካልን ይደፍሩናል ይላል፣ ሌላው ከጮህን ስም እንሰጣቸዋለን ይላል። የጉልበቱ መንገድ ስብሰባ በትኗል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን የተበተነ ስብሰባ በማግስቱ ሌላ አዳራሽ ይገኝለታል፣ መሪውም «ተጠቃን» ብሎ ብዙ ሰው ይሰበስባል። የተጻፈ ማስረጃ ቀርፋፋ ነው፣ ሲደርስ ግን መልስ የለውም።

ሰዎቹ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ሕጉ የት ነበር?

አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ሰውን በንግግሩ እንዳያስር ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል፣ ንግግሩ ቀፋፊ ቢሆንም። እንዲህ አስቡት። ጎረቤትህ በየቀኑ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ ቤትህ ይቃጠል እያለ ይራገማል። ያማል፣ ግን እርግማን ነው። አንድ ቀን ቤንዚን ገዝቶ ከሁለት ሰው ጋር ሌሊቱን ሲነጋገር ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። የሉዊስ ሰዎች ሲፈልጉት የኖሩት እርግማኑን አይደለም፣ ቤንዚኑን ነው። ማን ገዛው፣ በማን ገንዘብ፣ መቼ ሊለኩሰው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ይምታታሉ። የአገር ክህደት ማለት በአሜሪካ ሕግ አገርን መውጋት ወይም ከጠላት ጎን ቆሞ መርዳት ነው። ማረጋገጡ በጣም ከባድ ነው፤ ሰውየው ችሎት ላይ ካላመነ በቀር አንዱን ድርጊት ያዩ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ሴዲሽን የሚሉት ግን ከዚያ ያነሰ ነው፣ ሕዝብን ወይም ወታደርን በመንግሥት ላይ እንዲያምፅ ማነሳሳት። በጦርነት ጊዜ ዋናው ጉዳይ ወታደሩ ነው። «አትዋጋ፣ አለቃህን አትታዘዝ፣ ይህ የአይሁድ ጦርነት ነው» የሚል ወረቀት ሰፈር ውስጥ መበተን አንድ ነገር ነው፣ ሠራዊቱ ውስጥ ሆን ተብሎ ሲበተን ግን ወንጀል ይሆናል። በ1917 የወጣው የስለላ ሕግና በ1940 የወጣው ስሚዝ አክት ይህን ይከለክላሉ።

መዝገቡ ታዲያ ምን አስገኘ?

ቶሎ አይደለም። በ1934 መጀመሪያ የጀርመን አሜሪካውያንን ኅብረት ናዚዎች ጠቀለሉብን ብለው የቆዩ አባላት ፍርድ ቤት ሲሄዱ የሉዊስ ሰዎች ቀርበው መሰከሩ። ሕዝቡ መጀመሪያ የሰማው ያኔ ነው። ግን ምስክር ሆኖ የቆመ ሰላይ ከዚያ ቀን በኋላ ሰላይ መሆኑ አበቃ። ሉዊስ ሁልጊዜ ይህን ነው የሚመዝነው፤ ዛሬ አውጥቼ ላጋልጥ ወይስ ነገ የሚመጣውን ልጠብቅ?

በዚያው ዓመት የኮንግረስ ኮሚቴ ምርመራ ጀመረ፣ ሎስ አንጀለስም ድረስ መጥቶ ሰዎች ሰማ። ከዚያ ምርመራ የተወለደው በ1938 የወጣው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ነው። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ፋራ (FARA) የሚባለው። ዛሬ ዋሽንግተን ላይ ለውጭ መንግሥት፣ ለእኛም መንግሥት ጭምር፣ ሎቢ የሚያደርግ ኩባንያ ስሙን የሚያስመዘግበው በዚህ ሕግ ነው። መነሻው የናዚ ፕሮፓጋንዳ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሽዊን በ1939 የአሜሪካ ዜግነቱን ተነጠቀ። ኔስ በዚያው ዓመት በኮንግረስ ፊት መሰከረ። በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትመታ ኤፍቢአይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የናዚ ወኪሎችን ለመያዝ ሲነሳ፣ ማን የት እንደሚገኝ የሚያሳየው ዝርዝር ሉዊስና ሩስ ጋ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያዝዛቸው የሠሩት ነው።

ፔሊ በ1942 ኢንዲያናፖሊስ ላይ በጦርነት ጊዜ በጻፈው ጽሑፍ ተከሶ 15 ዓመት ተፈረደበት።

ይህ ጆሮ ጠቢነት አይደለም ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጆሮ ጠቢ ለእኛ መራራ ቃል ነው፣ ጎረቤት ለቀበሌ ሲያወራ ቤት የፈረሰበት ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ሰላይ የሚለው ቃል ሲነሳ ደስ አይለንም፣ እኔንም አይለኝም።

ልዩነቱ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች ማሰር አይችሉም፣ መግረፍ አይችሉም፣ ሥልጣን የላቸውም። ያላቸው ወረቀት ብቻ ነው፣ ወረቀቱም ዳኛ ወይም የኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ካልተፈተሸ ዋጋ የለውም። የጻፉትም ስለ አንድ ሰው ድርጊት እንጂ ስለ ዘሩ አልነበረም። በዚያችው ከተማ፣ በ1942፣ መንግሥት ጃፓናውያን አሜሪካውያንን ጠቅልሎ ወደ ካምፕ አጋዛቸው። ከመላው የምዕራብ ጠረፍ ወደ 120,000 ሰው፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ አንዲት የግል ማስረጃ ሳይቀርብበት። አንዱ መንገድ «ይህ ሰው በዚህ ቀን ይህን አደረገ» ይላል። ሌላው «የእነሱ ወገን ነህ» ይላል።

ይሁንና ግለሰቦች ተነስተው ዜጋን ሲሰልሉ አደጋ የለውም ማለት አልችልም። የሉዊስ ቢሮ ያልተሳሳተ ለመሆኑ ማረጋገጫው የሉዊስ ጥንቃቄ ብቻ ነበር፣ ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው አካል አልነበረም።

የ1944ቱ ትልቅ ችሎት ለምን ከሸፈ?

መንግሥት በመጨረሻ ከየአቅጣጫው 30 ሰዎች ሰብስቦ ዋሽንግተን ላይ በአንድ መዝገብ ከሰሰ። ከፔሊ ጀምሮ እስከ ሎስ አንጀለሱ ሽዊንና የአርያን ቡክስቶሩ ሀንስ ዲቤል። ክሱ «ከናዚዎች ጋር ተመሳጥራችሁ የጦሩን ታዛዥነት ለማፍረስ አሲራችኋል» የሚል ነበር።

ችግሩ «ተመሳጥራችሁ» የምትለዋ ቃል ናት። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ አይተዋወቁም፣ የሚተዋወቁትም እርስ በርስ ይናቆራሉ። ተመሳሳይ ነገር መጻፍ ብቻውን ሴራ አይሆንም። ሰላሳ ሰው ከየጠበቃው ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ችሎቱ ገበያ ሆነ፣ ጩኸት፣ ተቃውሞ፣ ቀጠሮ። ዐቃቤ ሕጉ ጆን ሮጊ ከሰባት ወር በላይ ቆሞ ማስረጃውን አልጨረሰም። ኖቬምበር 1944 መጨረሻ ላይ ዳኛው ኤድዋርድ አይከር በድንገት ሞቱ፣ ችሎቱም ተበተነ። ጦርነቱ አለቀ፣ በ1946 ክሱ ተዘጋ።

ስሚዝ አክትም ፋሽስቶች ላይ ብቻ አልቆመም። ከዚያ በፊት በ1941 ሚኒያፖሊስ ላይ ሶሻሊስቶች ታስረውበታል፣ በ1949 የኮሙኒስት ፓርቲ መሪዎች ተፈርዶባቸዋል። ጠላትህን የሚያስር ሰፊ ሕግ ሲወጣ የሚያጨበጭብ ሰው ይህን ቢያስብ አይከፋም።

ሉዊስ በ1954 ሞተ። ሰነዶቹ ዛሬ ኖርዝሪጅ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፣ ሳጥን በሳጥን፣ ማታ ማታ የተጻፉት ሪፖርቶች፣ ከላያቸው ላይ ከስም ይልቅ መለያ ቁጥር ያለባቸው። ናዚ መስለው ዓመታት የኖሩት እነዚያ ክርስቲያን ወታደሮች እንደ ናዚ ሲታዩ ዝም አሉ።